ስለ አንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፤ የዕቃው አሠራርና የሰብሳቢው ስሕተት

የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለማጥናት ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በእጅ በተሠራው ላይ ነው። ሞፈሩ ይለካል፤ መሶቡ በስፌቱ ዓይነት ይለያል፤ የእንስራው አፈር ከየት እንደ መጣ ይጠየቃል። ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ግን፣ ምንም እንኳ በአንድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ የቤቱን ሰዎች ሲሰበስብ የኖረ ቢኾን፣ «ይህ የገበያ ዕቃ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከታለፉትም አንዱ የቫልቭ ሬዲዮ ነው። እኔ እነዚህን ሬዲዮዎች መሰብሰብ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ኾኖኛል። ከነሱም መካከል ስለ አንዱ፣ ዜኒት «ትራንስ-ኦሺያኒክ» ስለሚባለው፣ ለመጻፍ የተነሣሁት ዕቃው ያማረ ስለ ኾነ ብቻ አይደለም። ይህን ሬዲዮ ሳድስ የፈጸምሁት ስሕተት ለሌላው ሰብሳቢ ማስጠንቀቂያ ይኾናል ብዬ ስለማምን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሬዲዮው የተሠራው በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ነው። የዜኒት ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው ዩጂን ማክዶናልድ መርከብና ባሕር ወዳድ ሰው ነበረ። በ1925 በዶናልድ ማክሚላን መሪነት ወደ ሰሜን ዋልታ አቅጣጫ በተደረገው ጉዞ ሁለተኛ አዛዥ ኾኖ ሄዶ፣ ያን ጊዜ ገና ብዙ ሰው ያልተማመነበት አጭር ሞገድ ከበረዶው አገር ተነሥቶ በምድር ሌላኛው ጫፍ፣ በደቡቡ ባሕር ላይ ከነበረ የጦር መርከብ ጋራ ሲያነጋግር አይቷል። ከዚያ ወዲህ በጉዞ ላይ ያለ ሰው ሊይዘው የሚችል፣ የሩቅ አገርም ወሬ የሚያሰማ ሬዲዮ እንዲሠራለት መሐንዲሶቹን ሲወተውት ኖረ። የመጀመሪያው «ትራንስ-ኦሺያኒክ» ለገበያ የወጣው በ1942 መጀመሪያ ሲኾን ዋጋው 75 ዶላር ነበረ። በድምፅ ማጉያው ጨርቅ ላይ በመጀመሪያ የመርከብ ሸራ ሥዕል ነበረበት፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ ግን ሸራው ቀርቶ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተተካ። ይህን ትንሽ ለውጥ ሰብሳቢዎች እጅግ ይወዱታል፤ ባለ ሸራው ጥቂት ስለ ኾነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ለሕዝብ የሚሸጥ ሬዲዮ መሥራት በመንግሥት ትእዛዝ ስለ ቆመ፣ እስከዚያ ድረስ የተሠራው 35,000 ያህል ብቻ ነበረ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ሮበርት በድሎንግ የተባለው ንድፍ አውጪ ሣጥኑን እንደ ገና ቀረጸው፤ ኋላ የመጡትም ሁሉ የሱን መልክ ተከትለዋል። በእጄ ያለው በ1951 የወጣው «ኤች 500» ነው። ከሱ በኋላ በ1954 የ600 ተከታታይ ወጣ፤ እሱም እስከ 1962 ተሠርቶ የቫልቮቹ ዘመን በዚያው አበቃ። ቀድሞውንም በ1957 ባለ ትራንዚስተሩ «ሮያል 1000» በ250 ዶላር ገበያ ላይ ውሎ ነበረና።

አሠራሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ቫልቭ ምን እንደ ኾነ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ያለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ቫልቮላ» ሲባል፣ መስመሩ ሲጨናነቅ የሚቃጠለውን መከላከያ ይረዳል፤ ቃሉን ከጣልያን ወስደን ለዚያ አውለነዋልና። እዚህ ላይ የምናገረው ቫልቭ ግን አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት አምፖል ነው። በውስጡ ቀጭን ሽቦ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ዙሪያውን የከበበው ሌላ ብረት ይስባቸዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ወንፊት ደግሞ እንደ በረኛ ኾኖ አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። በወንፊቱ ላይ የሚመጣው እጅግ ደካማ ምልክት በዚህ መንገድ ኃይለኛ ኾኖ ይወጣል። ሥራው በመሠረቱ ይኸው ነው።

በኤች 500 ውስጥ አምስት ቫልቮች አሉ። የመጀመሪያው 1ዩ4 ከአንቴና የመጣውን ያጎላዋል። ሁለተኛው 1ኤል6 የሬዲዮው ልብ ነው። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1918 ባገኘው ዘዴ መሠረት፣ ይህ ቫልቭ በራሱ ሌላ ሞገድ ፈጥሮ ከመጣው ጋራ ያጋጨዋል። ለምሳሌ ጣቢያው በ9.6 ሜጋኸርዝ ቢናገር፣ ቫልቩ 10.055 ሜጋኸርዝ ያመነጫል፤ የሁለቱም ልዩነት 455 ኪሎኸርዝ ይኾናል። የማንኛውም ጣቢያ ድምፅ በዚህ መንገድ ወደ አንድ ቋሚ ቁጥር ስለሚለወጥ፣ ቀጣዩ 1ዩ4 አንዱን ሥራ ብቻ አጥርቶ መሥራት ይበቃዋል። ከዚያ 1ዩ5 ድምፁን ከተሸካሚው ሞገድ ይለየዋል፤ 3ቪ4 ደግሞ ለድምፅ ማጉያው የሚበቃ ኃይል ይሰጠዋል። 1ኤል6ን የሚጠቀሙ ሌሎች ሬዲዮዎች ጥቂት ስለ ነበሩ ዛሬ ይህ አንድ ቫልቭ ብርቅ ኾኗል። ከሬዲዮው ነቅለው ቫልቩን ብቻ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስላሉም፣ ሬዲዮ የሚገዛ ሰው በቅድሚያ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ያ ቦታ ባዶ አለመኾኑን ማየት ይገባዋል።

የአምስቱ ቫልቮች ሽቦዎች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ተሰክተዋል፤ አራቱ እያንዳንዳቸው 1.4 ቮልት፣ አምስተኛው 2.8 ቮልት ይወስዳሉ። አንዱ ቢቃጠል አምስቱም ይጠፋሉ። ሙቀታቸው እጅግ አነስተኛ ስለ ኾነ እንደ ሌሎች የቫልቭ ሬዲዮዎች ቀይ ብርሃን አይታይባቸውም፤ ጨለማ ቤት ውስጥ አተኩሮ ለተመለከተ ብቻ ደብዛዛ ፍም ይመስላሉ። ይህም የኾነበት ምክንያት ሬዲዮው በባትሪ ድንጋይም እንዲሠራ ስለ ታሰበ ነው። በቤት መስመር ሲሠራ ደግሞ ለአሜሪካ 110 ቮልት የተዘጋጀ በመኾኑ፣ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው አምስቱንም በአንድ ቅጽበት ያጣቸዋል። በውስጡ ከመስመሩ የሚለየው ትራንስፎርመር ስለሌለም፣ ከሶኬት ሳይነቀል ሆዱን መንካት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ስለ ውበቱ ጥቂት ልናገር። ሣጥኑ ጥቁር ቆዳ መሰል ልብስ የለበሰ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ክዳን ወደ ላይ ሲነሣ የጣቢያ ማውጫው ሰሌዳ ይታያል። ለሰባቱ የሞገድ ክፍሎች ሰባት ቁልፎች አሉት። ከነሱም አራቱ ለ31፣ ለ25፣ ለ19 እና ለ16 ሜትር ተለይተው የተሰጡ ናቸው። ይህ የመሐንዲሶቹ ትልቁ ጥበብ ይመስለኛል። በተራ ሬዲዮ ላይ 31 ሜትር የሚባለው ክፍል ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ስፍራ ይዞ፣ ከአሥር የሚበልጡ ጣቢያዎች በዚያች ጥፍር ላይ ይጋፋሉ፤ እጅ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ለንደን ጠፍቶ ካይሮ ይመጣል። በዚህ ሬዲዮ ግን ያ ጥፍር የሚያህል ስፍራ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። ድምፅ የሚያስተካክሉት አራት መሸጋገሪያዎችም አሉት፤ ከነሱ አንዱ ለሰው ንግግር ብቻ ነው፤ ከሩቅ የመጣ የወሬ ንባብ በጩኸት ሲሸፈን ቃሉን ከጩኸቱ ለመለየት ይረዳል። በክዳኑ ላይ የተገጠመው ተነቃይ አንቴና በባቡር መስኮት ላይ እንዲለጠፍ የታሰበ ነው። ባቡር ውስጥ ሞክሬው ስለማላውቅ አልመሰክርለትም፤ በቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ግን ከመስኮቱ መስታወት ላይ ሲለጠፍ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። ተንቀሳቃሽ ይባል እንጂ ክብደቱ ልጅ እንደ ማዘል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። ይህን ሬዲዮ በአዲስ አበባ ከአንድ ሟች የመንግሥት ሠራተኛ ወራሾች ስገዛው ድምፅ አልነበረውም። ስከፍተው ያየሁት ነገር አሳዘነኝ፤ እንዲያውም አሳፈረኝ ማለት ይቀላል። የሰሌዳውን ቀስት የሚጎትተው የፋብሪካ ገመድ ተበጥሶ በምትኩ በሰም የታሸ የጥጥ ፈትል ታስሯል። አንድ በሰም ወረቀት የተሠራ ኮንደንሰር ወጥቶ ከሌላ የአውሮፓ ሬዲዮ የተነቀለ፣ ለቦታው የማይመጥን ትልቅ ኮንደንሰር በሽቦ ተንጠልጥሏል። የተሰበረ ድጋፍ ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ በወጣ ቁራጭ ተጠግኗል፤ በቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ላይ የዘይቱ ስም ግማሹ ይነበባል። እኔ ያን ጊዜ የማውቀው የውጭ አገር ሰብሳቢዎች የሚከተሉትን ሕግ ብቻ ነበረ፤ እሱም «ዕቃው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደ ነበረ ይመለስ» የሚል ነው። ስለዚህ ፈትሉን ቆርጬ፣ ኮንደንሰሩን ነቅዬ፣ ቆርቆሮውን ፈትቼ ጣልሁ። ገመዱንና ኮንደንሰሮቹን አስመጥቼ ተካሁ። ሬዲዮው ተናገረ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በቫልቭ ዘመን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤቴ መጥተው አሳየኋቸው። ክዳኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣

«ክሩ አዲስ ነው። የቀድሞውን ምን አደረግኸው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሱማ ተራ ፈትል ነበር፤ ጣልሁት» አልኋቸው።

«ቋጠሮውን ብታሳየኝ የማን እጅ እንደ ኾነ እነግርህ ነበር።»

እንደ ነገሩኝ፣ የፋብሪካ ገመድ በማይገኝበት ጊዜ እያንዳንዱ ጠጋኝ ፈትሉን የሚያከርበት፣ በሰም የሚያሽበትና የሚቋጥርበት የራሱ መንገድ ነበረው። ተማሪው ከመምህሩ ይወርሰው ስለ ነበረ፣ ሌላ ሰው የጠገነው ሬዲዮ ሲመጣላቸው ገና ከክሩ የማን ቤት ሥራ እንደ ኾነ ይለያሉ። ሸማኔ የሸማኔን ጥበብ እንደሚለይ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የጣልሁት የተበላሸ የአሜሪካ ዕቃ ክፍል አልነበረም፤ በዚያ ሬዲዮ ውስጥ የነበረውን ብቸኛ ያገር ሰው እጅ ሥራ ነበረ። የመሶቡን ስፌት ለመለየት የምንደክመውን ያህል ለዚህ ቋጠሮ ብንደክም ኖሮ፣ በጽሑፍ ያልተመዘገበ አንድ የእጅ ሙያ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ማወቅ በተቻለ ነበር። ፎቶግራፍ እንኳ አላነሣሁለትም።

ከዚህ የተነሣ በሰብሳቢዎች መካከል የሚደረገውን ክርክር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። አንዳንዶች ምንም ሳይነካ፣ ዝም እንዳለ ይቀመጥ ይላሉ። ይህ ለእንስራ ይኾናል፤ ውሃ ባይቀዳበትም እንስራነቱ በመልኩ ይታያልና። ዝም ያለ ሬዲዮ ግን ሣጥን ነው። ደግሞም በሰም የተነከረው ወረቀት ከጊዜ ብዛት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ስለሚጀምር፣ ኮንደንሰሮቹን ሳይቀይሩ ማብራት ያንን ብርቅ 1ኤል6 ለማቃጠል መሞከር ነው። ስለዚህ መቀየሩ ግድ ነው። ሌሎች ደግሞ የአሮጌውን ኮንደንሰር ሆድ ባዶ አድርገው አዲሱን በውስጡ ይሸሽጉታል፤ ከውጭ ሲያዩት የ1951 ይመስላል። የእጃቸውን ብልኀት አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ ለተመራማሪ ወጥመድ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ያየውን እውነት ነው ብሎ ይመዘግባልና። እኔ አሁን የማደርገው አዲሱን ክፍል አዲስ መኾኑ እንዲታይ ግልጥ አድርጌ መበየድ፣ የወጣውን በፖስታ ከትቼ ከየትኛው ቦታ እንደ ወጣና መቼ እንደ ወጣ ጽፌ በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ያገር ጠጋኝ የሠራው ነገር ሥራውን የሚሠራ ከኾነ ደግሞ አልነካውም፤ መልኩ ቢከፋም አልነካውም። በሌሎች ሬዲዮዎቼ ላይ የቀረውን የዳንቴል ምልክት እንኳ ማጽዳት ትቻለሁ። የቤት እመቤት ለክብር ያለበሰችው ዳንቴል የቫልቮቹን ሙቀት አፍኖ በቀለሙ ላይ ያበሰለው ቡናማ ቀለበት ነው።

ከጥፋቴ የተረፈ አንድ ነገር ግን አለ። በክዳኑ ውስጠኛ ክፍል የሬዲዮው ባለቤት በእርሳስ የጻፉበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ እሱን ለመላጥ ሰንፌ ተውሁት። በወረቀቱ ላይ የጣቢያ ስም፣ የሜትር ቁጥርና ሰዓት ተጽፏል፤ በራስጌው ደግሞ «ሦስት ቀንስ» የሚል ትእዛዝ አለ። መጀመሪያ ትርጉሙ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭ ጣቢያዎች ሰዓታቸውን የሚናገሩት በግሪንዊች ነው። የአገራችን ሰዓት ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ እኛ ግን ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለ ኾነ ከዚያ ላይ ስድስት እንቀንሳለን። ስለዚህ በግሪንዊች 9 ሰዓት የተባለው በእኛ 6 ሰዓት ነው፤ 19 የተባለው ደግሞ 16፣ ማለትም ከምሽቱ 4 ሰዓት ይኾናል። ባለቤቱ ሁለቱን ስሌት ወደ አንድ አጥፈው በሁለት ቃል ጽፈውታል። የውጭ ዓለም ሰዓት በአንድ የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ እንዴት ወደ ቤቱ ሰዓት እንደ ተተረጐመ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ አላገኘሁም።

ወረቀቱ ዓመት የለውም፤ ነገር ግን ዘመኑን ራሱ ይናገራል። ከተጻፉት ስሞች አንዱ «ብሥራተ ወንጌል» ነው፤ ይህ ጣቢያ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1963 ሲኾን፣ በ1977 በመንግሥት ተወርሶ ስሙ ተለወጠ። ሌላው «ኮሎኝ፣ ያማርኛ» ይላል፤ የጀርመን ድምፅ ያማርኛ ክፍል ደግሞ በ1965 የተጀመረ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከ1965 በፊትና ከ1977 በኋላ ሊጻፍ አይችልም። ከዚህም አልፎ፣ ለንደንን በ16 ሜትር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንደ ሰሙ ጽፈዋል።

ይህን ለመመዘን አጭር ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ይጠቅማል። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ የፀሐይ ብርሃን በኤሌክትሪክ ከሞላው ከፍተኛ የአየር ክፍል ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። 16 እና 19 ሜትርን የመሳሰሉት አጫጭሮቹ ሞገዶች ይህ ክፍል በደንብ እንዲሞላ ስለሚፈልጉ የቀን ሞገዶች ናቸው፤ ሲመሽ ወደ 31 እና ወደ 49 ሜትር መውረድ ያስፈልጋል። አሥራ አንድ ዓመት ያህል በሚፈጀው የፀሐይ ነጥቦች ዑደት ጫፍ ላይ ግን አየሩ ከመጠን በላይ ስለሚሞላ 16 ሜትር እስከ ሌሊት ይዘገያል። በ1965 እና በ1977 መካከል የነበረው ጫፍ በ1968 ነበረ። ወረቀቱ የተጻፈው በዚያ አካባቢ፣ ምናልባት እስከ 1970 ባለው ጊዜ፣ ይመስለኛል። አንዲት መስመር ብቻዋን ማስረጃ አትኾንም የሚል አንባቢ ቢኖር አልከራከረውም፤ ከሁለቱ ስሞች ጋራ ስትነበብ ግን ክብደት አላት። እግረ መንገዴን፣ አዲስ አበባ በምድር መግነጢስ ወገብ አጠገብ መኾኗ ይህን የላይኛውን አየር ለሚመረምሩ ሰዎች ልዩ ስፍራ አድርጓታል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበረ።

ወረቀቱን ይዤ ዛሬ በዚያው ሰሌዳ ላይ ስፈልግ አብዛኛው የለም። የስዊስ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በ2004 አጭር ሞገድን ተወ፤ የካናዳና የሆላንድ ሬዲዮዎች በ2012፣ የሞስኮው በ2014 ተከተሉ። የቀሩትም ቢኾኑ በከተማ ውስጥ በደንብ አይሰሙም፤ በየቤቱ ያለው የስልክ ቻርጀርና አዲሱ አምፖል አየሩን በጩኸት ሞልቶታል። ስለዚህ እኔ ሬዲዮውን የማዳምጠው መብራት ሲጠፋ ነው። ለሬዲዮው የተሠራው የ90 ቮልት ባትሪ ዛሬ አይሠራም፤ ነገር ግን ባለ 9 ቮልት ትንንሽ ድንጋዮች አሥሩን በተርታ አያይዤ 90 ቮልት አገኛለሁ፤ ለቫልቮቹ ሽቦ ደግሞ ስድስት ተራ ድንጋዮችን በተርታ አያይዛለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ 31 ሜትር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስቱን በዝግታ ስገፋ፣ ቋንቋቸውን የማላውቃቸው ጣቢያዎች ሳይቀሩ ጥርት ብለው ይመጣሉ። ከክዳኑ ወረቀት ላይ እስከ አሁን በቦታቸው ካገኘኋቸው መካከል አንዱ ያማርኛው የጀርመን ድምፅ ነው፤ የሜትሩ ቁጥርና የሚተላለፍበት ስፍራ ግን ተለውጧል። አዲሱን ቁጥር ከባለቤቱ እርሳስ ጽሑፍ ሥር በቀለም ጽፌ ቀኑን አስቀምጫለሁ።